ሌይትሞቲፍ ምንድን ነው? የአባዬ ሳል ነው

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ማኪያቶ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ከጎኔ ያለ ወጣት ስልኩን ለቆ አንድ የፊልም ተንታኝ ያዳምጣል። ተንታኙ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊልያምስ ለስታር ዋርስ ፊልሞች የሠራቸውን የቅርብ ጊዜ ማጀቢያዎች ያወዳድራል፤ የ2015ቱን፣ የ2017ቱን፣ የ2019ኙን። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው።) ፍርዱ አጭር ነው፦ ሰውዬው ሐሳብ አልቆበታል፤ ሌይትሞቲፍ (ከአንድ ሰው ወይ ነገር ጋር የታሰረች አጭር ዜማ) እያለ ራሱን ይደግማል።

ማኪያቶው መረረኝ።

መደጋገም ብቻውን ሌይትሞቲፍ ከሆነ የስልኬ ጥሪም ሌይትሞቲፍ ነው። ጥፋቱ ግን የኛም ነው፣ የሙዚቃ አስተማሪዎቹ። «መሪ ዜማ» ብለን ተረጎምነውና ሰው ሁሉ የፊልሙ ዋና ዘፈን መሰለው። መሪነቱ እንደ አለቃ አይደለም፣ ዓይነ ስውርን እንደሚመራ ሰው ነው። ጆሮህን ይዞ «ሊመጣ ነው»፣ «አሁን እሱን እያሰበችው ነው» እያለ ይወስድሃል። ቃሉ ጀርመንኛ ነው። ከጀርመኑ የሙዚቃ ደራሲ ከዋግነር ኦፔራዎች ጋር ነው የገነነው፤ ቃሉን የፈጠረው ግን ዋግነር አይደለም።

ልጅ ሳለሁ ግቢያችን የቆርቆሮ በር ነበረው። አባዬ ማታ ሲገባ በሩን ሳይነካ ሁለቴ ይስላል። «እህ... እህህ።» በቃ። እኛ ካርታችንን ፍራሽ ስር እንከታለን፣ እማዬ ጀበና ትጥዳለች። ሳሉ ቆንጆ አልነበረም። ማንም አላንጎራጎረውም። ግን ከአንድ ሰው ጋር ታስሯል፤ ነገሩ ያለው እስራቱ ላይ ነው።

ዊልያምስ በ1975 ጆስ ለተባለው የሻርክ ፊልም የሰጠው ሁለት ኖታ ነው። ሻርኩ ሳይታይ ኖታዎቹ ይመጣሉ፤ እሱ ሲቀርብ እነሱም ይፈጥናሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን ሁለት ልጆች የውሸት ክንፍ ይዘው ውሃ ውስጥ ገብተው ሰዉን ያተራምሳሉ። ያኔ ኖታዎቹ የሉም። ሙዚቃው አይዋሽም። ወንድሜም አንድ ቀን የአባዬን ሳል አስመስሎ ካርታውን አስደበቀን። እማዬ ግን ጀበናውን አልጣደችም።

ወደ ድግግሞሹ ልመለስ። አባዬ የታመመ ጊዜ ሳሉ ያው ሁለት ነበር። ቀጥኖ፣ መሐሉ ተጎትቶ። «ራሱን ደገመ» ያለ ሰው አልነበረም። እማዬ ነጠላዋን አንስታ ወደ በሩ ሮጠች። የለመደችው ሳል ባይሆን ኖሮ ምኑን ታውቀው ነበር?

የስታር ዋርሱ ክፉ ሰው፣ የዳርዝ ቬደር ማርሽ (የሰልፍ ዜማ) በ1980 ሲመጣ በብራስ፣ ማለትም በጥሩምባ ዓይነት መሣሪያዎች ደረት ያንቀጠቅጣል። በ1983 ሰውዬው ሲሞት ያው ዜማ ዝግ ብሎ፣ ሳስቶ፣ መጨረሻ ላይ በሃርፕ፣ በገና መሰል ባለክር መሣሪያ፣ ይሰማል። በ1999ኙ ፊልም ቬደር ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። የልጁ ዜማ ለስላሳ ነው፤ ግን ጫፉ ላይ ያቺ ማርሽ ብቅ ትላለች። ሳሉ ጀምሮታል ማለት ነው። (እኔም ዛሬ በራፌ ላይ ሁለቴ እስላለሁ፣ ሳላስበው። ልጆቼ ካርታ የላቸውም፤ ስልክ ይደብቃሉ።)

ስለዚህ ማወዳደር ካማረህ «ተደገመ ወይ?» አትበል። «ምን ሆኖ መጣ?» በል። በ2015ቱ ፊልም ሬይ የምትባለው ልጅ አዲስ ዜማ አላት። የመጨረሻው ጽሑፍ ሲያልፍ ያ ዜማ ከ1977 ጀምሮ ከምናውቀው የፎርስ (የፊልሙ ስውር ኃይል) ዜማ ጋር ተደራርቦ ይሰማል። አሮጌውን የማያውቅ ጆሮ ልጅቷ ምን እንደተሰጣት አይሰማም። የ2019ኙ ላይ ግን ለተንታኙ ትንሽ ልስጠው፦ ለናፍቆት ብቻ የገቡ የሚመስሉኝ ቦታዎች አሉ። ሳል አለ፣ የሚገባ ሰው የለም።

ከተነሳ አይቀር፣ «አምባሰል የወሎ ሌይትሞቲፍ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም! አምባሰል ቅኝት ነው። የትኞቹን አምስት ድምፆች እንደምትጠቀም ይነግርሃል፤ ውስጡ ስንት ዘፈን ይኖራል። ሌይትሞቲፍ አንዲት የተወሰነች ሐረግ ናት። አምባሰልም፣ ባቲም፣ ትዝታም የዘፈንም የቅኝትም ስም መሆናቸው ሰዉን ሳያሳስት አልቀረም።

መሣሪያም ብቻውን ሥራውን ይሠራል። የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ሉድቪግ ጎራንሰን በ2018 ለብላክ ፓንተር ፊልም ሲሠራ ሴኔጋል ሄዶ ነበር፤ ለንጉሡ ተናጋሪ ከበሮ፣ ለባላንጣው የፉላ (የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ) ዋሽንት ሰጠ። የኛ ፊልም ግን ገጠር በታየ ቁጥር ዋሽንት ያስነፋል። ያ ታፔላ ነው። አንድ አጭር ፊልም የሚሠራ ልጅ ይኼንኑ ሙዚቃ ሥራልኝ ብሎ መጥቶ ነበር። ዋሽንቱን ለአጎትየው ብቻ ስጠው አልኩት፤ እሱ ከሌለ፣ ወይ የሚያስበው ከሌለ፣ ዝም ይበል።

«ገጠሩስ?» አለኝ።

ገጠሩ በሬ አለው፣ ነፋስ አለው። ራሱ ይሰማ።