«ትንሽ ዕዳ ተውበት» ያለህ ማን ነው?

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ወርዶ ገና ደሴ ሳይገባ ስለ ክሬዲት ካርድ ምክሩን ይጀምራል። ለጉዞ የተሰናዳው ወጣትም ያንኑ ሰንቆ ይሄዳል። ከምክሩ ግማሹ ስህተት ነው።

«ደመወዜ የሚገባበት የባንክ ካርድም ክሬዲት ካርድ ነው።» አይደለም፣ ዴቢት ነው። የሚቆርጠው ከራስህ ሂሳብ ነው። በክሬዲት ካርድ የምትከፍለው በባንኩ ገንዘብ ነው፤ ኋላ ትመልሳለህ።

«ክሬዲት ስኮር እንዲያድግ በየወሩ ትንሽ ዕዳ ማስቀረት ያስፈልጋል።» ስንቴ ይነገር? ስኮሩ (አበዳሪዎች ዕዳ አከፋፈልህን የሚመዝኑበት ነጥብ) በዋናነት የሚያየው በቀኑ መክፈልህንና ከተፈቀደልህ ጣሪያ ምን ያህሉን እንደያዝክ ነው። ወለድ መክፈልህ ነጥብ አይጨምርም። ለክሬዲት ቢሮዎች (የብድር ታሪክህን ለሚመዘግቡት ድርጅቶች) የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ፣ ማለትም ባንኩ በየወሩ የሚልክልህ የሂሳብ መግለጫ፣ ላይ የተጻፈው መጠን ስለሆነ፣ ሙሉውን ብትከፍልም ካርዱን መጠቀምህ ይታያል።

ሂሳቡን እንይ። ስቴትመንትህ 1,000 ዶላር፣ የዓመት ወለዱ 24 በመቶ ነው እንበል። በአሜሪካ ሕግ ስቴትመንቱ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ ይላካል፤ እስከዚያ ሙሉውን ከከፈልክ ወለዱ ዜሮ ነው። 900 ከፍለህ 100 ብታስቀርስ? «በወር 2 ዶላር ምን አላት» ይባላል። ጉዳቱ ግን እሷ አይደለችም። የእፎይታ ጊዜህ (ወለድ የማይቆጠርበት ጊዜ) ስለሚቋረጥ አዲስ የምትገዛው ሁሉ ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል፤ በ1,000 ዶላር ላይ በቀን ወደ 66 ሳንቲም። እፎይታውን ለማስመለስ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ተከታታይ ስቴትመንት ሙሉ በሙሉ መክፈል ይጠይቃል።

ስለዚህ አውቶፔይ (በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ) ስትሞላ «ሚኒመም ፔይመንት» (ዝቅተኛው ክፍያ) የሚለውን ሳይሆን «ስቴትመንት ባላንስ» (የስቴትመንቱ ሙሉ ዕዳ) የሚለውን ምረጥ። የሚቆረጥበት ሂሳብ ውስጥ በዕለቱ በቂ ገንዘብ መኖሩንም አረጋግጥ። የቤት ብድር ልትጠይቅ ከሆነ ደግሞ መክፈያውን ቀን አትጠብቅ፤ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት ክፈል። ጣሪያህ 5,000 ሆኖ 2,000 ካወጣህ 40 በመቶ ይዘሃል፤ ቀድመህ 1,500 ብትከፍል የሚታየው 10 በመቶ ነው፤ ለስኮሩ አነስ ያለው ይሻላል።

(ውሉ ላይ የወለድ አንቀጽ መኖሩ በሸሪዓ እንዴት እንደሚታይ ሸሆቹን ጠይቅ፤ እዚህ የምንናገረው የሂሳቡን ነው።)

«ገንዘብ ያለው ሰው ክሬዲት ካርድ ምን ያደርግለታል?» ይበልጥ የሚጠቅመው ለእሱ ነው። ቁጥሩ ቢሰረቅ ክርክሩ እስኪያልቅ የተያዘው የባንኩ ገንዘብ ነው፤ በዴቢት ቢሆን ከአንተ ሂሳብ ወጥቶ ትጠብቃለህ። ሆቴልና የመኪና ኪራይ ለመያዣ የሚያግዱትም እንዲሁ የራስህን ጥሬ ገንዘብ አይነካም።

«ደሴ ገብቼ በአሜሪካው ክሬዲት ካርዴ ከኤቲኤም ብር አወጣለሁ።» ያ ግዢ ሳይሆን ካሽ አድቫንስ (በካርዱ ጥሬ ገንዘብ መበደር) ነው። የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል፣ እፎይታ የለውም፣ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለዚህ ዴቢቱን ያዝ። ማሽኑ «በዶላር ላስላልህ?» ብሎ ከጠየቀህም እምቢ በል፤ በብር ይሁን።