ስለ ሥራ ትርጉምና ስለ መልካም የሥራ አካባቢ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአንድ ሆስፒታል የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ውስጥ ስሠራ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ መቀበል ከዘወትር ተግባሬ አንዱ ነበር። ደብዳቤዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል «በግል ጉዳይ ምክንያት» ይላሉ። ሰዎቹን አስቀምጬ ሳነጋግራቸው ግን የግል የተባለው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ አጥር አይወጣም ነበር። ከእነዚያ ንግግሮች በመነሣት፣ በሠራተኛውም በኃላፊውም ዘንድ እንደ እውነት የሚነገሩ ጥቂት አመለካከቶችን እዚህ አነሣለሁ።

«ትርጉም ያለው ሥራ የሐኪምና የመምህር ነው፤ የሌላው እንጀራ ፍለጋ ነው»

እንጀራ መፈለግ ነውር የለበትም። ስህተቱ ትርጉምን ከሙያው ስም ጋር ማሰሩ ነው። ኤሚ ሬዝኔስኪ እና ጄን ደተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን አንሥተዋል። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሥራቸው ከመጥረግና ከመወልወል እንደማያልፍ ሲቆጥሩ፣ ሌሎቹ ሕሙማንን በማዳኑ ሥራ ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ያምኑ ነበር።

እኔም በካርድ ክፍል ያየሁትን ልጨምር። አንዲት እናት የካርድ ቁጥራቸው የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ኖሮ፣ ነጠላው ሲታጠብ ቁጥሩም አብሮ ታጥቧል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ አዲስ ካርድ አውጥታ ብትሸኛቸው ማንም አይጠይቃትም ነበር። እሷ ግን «እናቴ፣ መጨረሻ የመጡት ከየትኛው በዓል በኋላ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸውና፣ በአሮጌው መዝገብ ላይ ስማቸውን በጣቷ እየተከተለች ፈልጋ ካርዱን አገኘችው። በካርዱ ራስጌ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ራሱ ወርዶ «ካርዱ ባይገኝ ኖሮ የማዝላቸው ያንኑ ነበር» አላት። በዚያ መስኮት ስምንት ዓመት ስትሠራ ያወጣችው ካርድ የት ደርሶ ምን እንደጠቀመ የነገራት ሰው ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ እያነባች ነገረችኝ።

ስለዚህ ትርጉም፣ ሠራተኛው ብቻውን ከልቡ ቆፍሮ እንዲያወጣው የሚተውለት ነገር አይደለም። ሥራው የደረሰበትን ሰው ማየት አለበት፤ ያንን ማሳየት ደግሞ የኃላፊው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። አዳም ግራንት እና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ላይ፣ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች በሚሰበሰበው ገንዘብ ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘ ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንዲነጋገሩ ተደረገ። ከአንድ ወር በኋላ በስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኝቷል።

«ሥራውን የሚወድ ሰው ስለ ደሞዝ አያነሣም»

ይህ አነጋገር የሚጠቅመው ከፋዩን ብቻ ነው። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እና ባልደረቦቹ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 203 መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ስለ ሥራቸው ጠይቀው ነበር። ሰዎቹ የሚማረሩበት ነገር በአብዛኛው የመሥሪያ ቤቱ አሠራር፣ የአለቃው አያያዝና ደሞዝ ሲሆን፣ የሚያስደስታቸው ደግሞ ውጤት ማየት፣ ዕውቅና ማግኘትና ሥራው ራሱ ነበር። በጥናቱ ዘዴ ላይ ብዙ ትችት ቢቀርብም፣ በቂ ክፍያ ምሬትን እንደሚያስወግድ፣ የሥራ ፍቅርን ግን ብቻውን እንደማያመጣ ከራሴ ልምድ ተነሥቼ እስማማለሁ።

ክፍያውም አያያዙም ሲጓደል ምን እንደሚከተል በአገራችን ታይቷል። ክሪስ ብላትማን እና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አመልካቾች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በዓመት ውስጥ ለቀዋል። ክፍያው ከፋብሪካ ውጭ ከሚገኘው ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ሥራው ደግሞ ጤናን ይጎዳ ነበር። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ «የሥራ ባህል የለውም» ብሎ መክሰስ ፍትሕ የጎደለው ፍርድ ነው።

«ቅሬታ የማይሰማበት መሥሪያ ቤት ሰላም ያለበት ነው»

«ዝም አይነቅዝም» ብለን ያደግን ሰዎች ለዚህ ስህተት በቀላሉ እንጋለጣለን። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ይላል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻውን ያያል፤ እውነተኛው ስብሰባ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ኮሪደር ላይ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ጥቂት ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ የተሻሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት መዝግበዋል። ማብራሪያዋም አብዝተው ስላጠፉ ሳይሆን፣ ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው የሚል ነበር። በእኛ ዘንድ ስህተት ሲነገር የሚቀድመው ጥያቄ «ማን አጠፋው?» ነው። «እንዴት ጠፋ?» የሚለው ከቀደመ ነርሷም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ሾፌሩም ያዩትን ሳይደብቁ ይናገራሉ።

«ዛልኩ የሚል ሠራተኛ ሰነፍ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን መዛል በቂ መፍትሔ ካላገኘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት አድርጎ ገልጾታል። ምልክቶቹ የኃይል መሟጠጥ፣ ሥራን መጥላትና መራቅ፣ ውጤታማነት መቀነስ ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ የተደነገገው ሊያርፍበት ነው። ፈቃድ አለመውሰድን እንደ ታማኝነት የሚያወድስ ኃላፊ ሠራተኛውንም ሥራውንም ይጎዳል።

«የቡና ፕሮግራምና ሽርሽር ካለ የሥራ አካባቢው መልካም ነው»

ቡናው ደግ ነው፤ ከአለቃ ጋር አንድ ረከቦት ከብቦ መቀመጥም ብዙ ያቀራርባል። የሚያስፈልገው በዚያ ሰዓት የሚነገረውና ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው። በካርድ ክፍላችን ከዚያች ቀን ወዲህ በወር አንድ ጊዜ፣ በቡና ሰዓት፣ አንድ ሐኪም እየወረደ ካርድ በመገኘቱ የተረፈ ሰው ታሪክ ስም ሳይጠራ መንገር ጀመረ። በሁለተኛው ወር ከሠራተኞቹ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ ጣሪያው እንደሚያፈስና በመጨረሻው መደርደሪያ ያሉት ካርዶች ቀለማቸው እየለቀቀ እንደሆነ ተናገረ። ይህን በተናገረ በአራተኛው ሳምንት ጣሪያው ተጠገነ።