በሳዑዲ ዓረቢያ የሴት መምህራን የሥራ ልብስ

በሳዑዲ ዓረቢያ የምታስተምር ሴት የምትለብሰው ሁለት ልብስ ነው፤ አንዱ የመንገድ፣ ሌላው የክፍል። የመንገዱ አባያ ነው፤ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ በአብዛኛው ጥቁር የሆነ ሰፊ መደረቢያ። የክፍሉ ደግሞ ረጅም ጉርድ ቀሚስና ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ ነው። በመንግሥት የሴቶች ትምህርት ቤት በትምህርት ሰዓት ወንድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግቢው ስለማይገባ አባያው እንደተደረሰ ወልቆ ይሰቀላል። ወሬው ሁሉ ስለ አባያ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውለው ከሥሩ ያለው ልብስ ነው።

የመንግሥት የሴቶች ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በ1960 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ነው። እስከ 2002 ድረስ የሚተዳደሩት በሃይማኖት ሊቃውንት በሚመራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። ማርች 11 ቀን 2002 በመካ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ላይ በደረሰ ቃጠሎ 15 ተማሪዎች ሞቱ። ያለ አባያ የወጡ ልጆችን የሃይማኖት ፖሊሶች እንዳገዱ የአገሪቱ ጋዜጦች ጽፈዋል፤ የመንግሥት ምርመራ ግን ይህን አልተቀበለም። የሴቶች ትምህርት መሥሪያ ቤት በዚያው ወር ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተቀላቀለ። በ2009 ደግሞ ቀድሞ መምህርት የነበሩት ኑራ አል ፋይዝ የሴቶች ትምህርትን የሚመሩ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ፤ በአገሪቱ ታሪክ እዚህ ደረጃ የደረሱት የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት የነበሩ መሆናቸው ለሙያው ትልቅ ክብር ነው።

የሃይማኖት ፖሊስ የማሰር ሥልጣኑን በ2016 ተነጠቀ። በ2018 አልጋ ወራሽ ሙሐመድ ቢን ሰልማን ሕጉ ጨዋ ልብስ ይላል እንጂ ጥቁር አባያን ለይቶ አያዝም ብለው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ቡናማ፣ ግራጫና ቢዥ አባያ በየመንገዱ ይታያል። ትምህርት ቤቶች ግን የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ቀለም ከመምረጥ በፊት እሱን መጠየቅ ይበጃል።

የአባያ ቁጥር ርዝመቱ በኢንች ነው፤ 54 ወደ 137፣ 56 ወደ 142፣ 58 ደግሞ ወደ 147 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልኬቱ የሚወሰደው የሥራ ጫማ ተጫምቶ፣ ከአንገት ሥር የትከሻ ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። በቁመት ብቻ የሚመርጡ ሻጮች ብዙ ጊዜ መሬት የሚጠርግ ልብስ ይሰጣሉ። ደብተር ታቅፋ ደረጃ ለምትወጣ መምህርት አንድ ቁጥር ዝቅ ያለው ይሻላታል፤ የሚጎተት ጫፍ አቧራ ይሰበስባል፣ ይረገጣል፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይም ይያዛል። ከፊት ክፍት የሆነ አባያ ንፋስ ይገልጠዋልና እስከ ጉልበት ድረስ የግፊት ቁልፍ ቢደረግበት ይመረጣል።

የክፍሉ ልብስ የሚፈተነው ከመስታወት ፊት ቆሞ ሳይሆን እንደ ሥራው በመንቀሳቀስ ነው። እጅን እስከ ሰሌዳው ጫፍ ማንሳት፣ ዴስክ ላይ ጎንበስ ማለት፣ ቁጢጥ ማለት፣ ከዚያም መስኮት ፊት ቆሞ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ማየት። እጅ ሲነሳ ሸሚዙ አብሮ ስለሚሳብ ከወገብ በታች ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ሲጎነበሱ የሚከፈት አንገትጌ ከውስጥ ካናቴራ ይፈልጋል። ጠባብ ጉርድ እርምጃ ይከለክላል፤ የኋላ ስንጥቁም ቁጢጥ ሲባል ይከፈታል። ስለዚህ በስንጥቅ ፋንታ ከውስጥ ጨርቅ ያለው እጥፋት ማሰፋት ነው።

ሰፊ እጅጌ ያምራል፤ ግን የተጻፈውን እያጠፋ የማርከር ቀለም ይቀባል። መፍትሔው የእጅ አንጓ ላይ ቁልፍ ወይም ላስቲክ ነው። ቀለም ከነካው ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ ከጀርባ በኩል በአልኮል ጠብ ጠብ ማድረግ፣ ከዚያ ማጠብ፤ ሳይለቅ ከተተኮሰ ይቀራል። በመጀመሪያ አልኮሉን በማይታይ ጠርዝ ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

በሪያድ ደረቅ ክረምት ፖሊስተር በኤሌክትሪክ ተሞልቶ እግር ላይ ይለጠፋል፤ የጥጥ የውስጥ ጉርድ ይህን ይቀንሳል። በጂዳ ወበቅ ደግሞ የሚያጣብቀው ላብ ነው። ክፍል ውስጥ ማቀዝቀዣው ስለሚበርድ ቀጭን ሹራብ በሁለቱም ከተማ አይጠላም።

ሻርፑ በሴቶች ክፍል ይወልቃል፤ ጥገና የሚሠራ ወንድ ሊገባ ሲሆን ግን በቅርብ መገኘት አለበት። ቺፎን የሚባለው ስስ ጨርቅ ስለሚያንሸራትት ከሥሩ የጥጥ ቆብ ይፈልጋል፤ ጃርሲ የሚባለው የሚለጠጥ ጨርቅ ያለ ስፒል ይቆማል። ትንንሽ ልጆች በሚታቀፉበት ክፍል ስፒል ባይኖር ይመረጣል።

ጥቁር አባያ ተገልብጦ፣ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ፀሐይ ስለሚያደበዝዘው ጥላ ላይ ይሰጣል። ሲተኮስ ከውስጥ በኩል በዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ የጋለ ካውያ ፖሊስተርን ያብለጨልጨዋል፣ ብልጭታውም አይመለስም።

ወንዶች ባልደረቦች ባሉባቸው የውጭ ትምህርት ቤቶች አባያው አይወልቅም ወይም በረጅም ሰፊ ሸሚዝ ይተካል። እዚያ አንድ አባያ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ማፈራረቅ ግድ ነው።