የመጎተት አቅም ምንድን ነው? ጀልባ የሚጎትት የናፍታ ፒክአፕ ስንመርጥ

ጎንደር ውስጥ ፒክአፕ የሚሸጥ ሰው ከአፉ የማትጠፋ አንድ ቁጥር አለች፦ «ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታል»። ገዢው የራሱን ጀልባ ያስባል። ጀልባዋ አንድ ቶን እንኳ አትሞላም። ታዲያ ምን ቀረ? ቀብድ ይከፈላል።

ቁጥሯ ውሸት አይደለችም። የቶዮታ ሃይሉክስ፣ የአይሱዙ ዲማክስና የፎርድ ሬንጀር አዳዲስ ፎር ዊል ሞዴሎች በብዙ አገር እስከ 3,500 ኪሎ እንዲጎትቱ ተፈቅዶላቸዋል። ግን ይህች ቁጥር ብቻዋን አትቆምም። ከኋላዋ ሌሎች ቁጥሮች አሉ። እነሱን ሳያይ የገዛ ሰው ከጣና ዳር ከጎርጎራ ጀልባ ጎትቶ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ያገኛቸዋል።

የመጎተት አቅም ማለት ፋብሪካው ኃላፊነት የሚወስድበት የመጨረሻ ክብደት ነው። «ይህን ያህል የሚመዝን ተሳቢ ቢታሰርበት መኪናዬ ይነሳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ይቆማል፣ ሻንሲውም አይጎዳም» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ «ይቆማል» የምትለዋን አስምሩባት። ጉዳዩ የሞተር ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ከዚህም በላይ በሆነ ነበር። ዝቅ የሚያደርጉት ፍሬኑ፣ ባሌስትራው፣ ሻንሲውና የራዲያተሩ የማቀዝቀዝ አቅም ናቸው።

አንድ ደብል ጋቢና ፒክአፕ እንውሰድ። ባዶውን 2,050 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ሰውና ዕቃ ሲጫንበት ከ3,050 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ይጎትታል የተባለው 3,500 ኪሎ ነው። የመኪናውን መጽሐፍ ስትገልጡ ግን መኪናውና ተሳቢው ተደምረው ከ5,850 ኪሎ መብለጥ እንደሌለባቸው ታገኛላችሁ። እስቲ ደምሩት። መኪናው ሙሉ ጭነት ከያዘ ለተሳቢው የሚተርፈው 2,800 ኪሎ ብቻ ነው። 700 ኪሎውን መኪናው ላይ የተጫነው ነገር በላው። ሦስት ቶን ተኩሏን ለማግኘት መኪናው ራሱ ከ2,350 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ይህ ደግሞ ሹፌሩና ሦስት ሰው ከነሻንጣቸው ከገቡ ሞላ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጭ የሚጎትተውን ሲነግራችሁ «ተደምሮስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቀ መጽሐፉን ወይም በሩ ሥር የተለጠፈውን ሰሌዳ እዩ።

አሁን ወደ ጀልባዋ እንምጣ። ባለ ጀልባ ክብደቷን ሲጠየቅ የሚናገረው የባዶውን አካል ነው። ስድስት ሰባት ሜትር የሆነች የፋይበር ጀልባ 900 ኪሎ ናት እንበል። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው የጀልባ ሞተር 170 ኪሎ አካባቢ ይጨምራል። መቶ ሊትር ቤንዚን ከ70 ኪሎ በላይ ነው። ባትሪው፣ መልህቁ፣ የነፍስ አድን ጃኬቱና ገመዱ ሲደመሩ 80 ኪሎ ቢሆኑ አይገርምም። የብረት ተሳቢው ራሱ 400 ኪሎ ነው። ዘጠኝ ኩንታል የተባለችው ጀልባ 16 ኩንታል ከሃያ ሆና አረፈችው! ክረምት ላይ ሳትሸፈን ቆማ ውስጧ ውሃ ከያዘ ደግሞ እያንዳንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ማፍሰሻውን መክፈት አትርሱ።

በግምት መሄድ ግን ግዴታ አይደለም። ጎንደር የሰሊጥና የእህል ንግድ ከተማ ናት፤ ሚዛን አታጡም። ጭነት መኪና የሚመዘንበት ቦታ ሄዳችሁ ተሳቢውን ከነጀልባው ብታስመዝኑ በአንድ ጊዜ ትገላገላላችሁ። እህል የሚመዘንበት ባስኩላም ሌላ አገልግሎት አለው። የተሳቢው አፍንጫ፣ ማለትም መኪናው ላይ የሚታሰረው ጫፍ፣ ስንት ኪሎ ወደ ታች እንደሚጫን ይነግራችኋል። ተሳቢው ዝርግ ሆኖ ሲቆም አፍንጫውን ባስኩላው ላይ ማሳረፍ ነው፤ ቁጥሩ ይወጣል።

ይህ የአፍንጫ ክብደት ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነገር ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት ከአምስት እስከ አሥር በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። የእኛ ምሳሌ 1,620 ኪሎ ስለሆነ አፍንጫው ላይ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ይፈለጋል። የመኪናው መጽሐፍ ያስቀመጠውን ጣሪያም ማለፍ የለበትም። ከአምስት በመቶ ካነሰ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ኋላውን ማወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረም መኪናውን ይዞ ይሄዳል። ከበዛ የመኪናው ኋላ ይወርድና የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ መሪው ይሳሳል። የጀልባ ሞተር ከኋላ የሚንጠለጠል ስለሆነ የጀልባ ተሳቢ ብዙ ጊዜ የሚታመመው አፍንጫው ቀሎ ነው። መፍትሔው ጀልባዋን ተሳቢው ላይ ትንሽ ወደ ፊት መሳብ ነው። ያ የአፍንጫ ክብደት ደግሞ መኪናው ላይ እንደተጫነ ዕቃ ይቆጠራል። ከላይ ወደሠራነው ሒሳብ ይገባል።

ስለ ፍሬን ረዘም አድርጌ ልናገር። ሰው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነውና።

የፋብሪካው 3,500 ኪሎ የሚሠራው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው ብቻ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተቀመጠው ወሰን በአብዛኞቹ ፒክአፖች 750 ኪሎ ነው። ልዩነቱን አስተውሉት፤ ያው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ግን ከአንድ አራተኛ በታች ይወርዳል። እዚህ ሰፈር ውስጥ የተበየደ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ ፍሬን የለውም። ሁለት ጎማ፣ ጎማዎቹን የሚያያይዝ አንድ ብረት፣ አለቀ። የእኛ 1,620 ኪሎ ጀልባ እንዲህ ባለ ተሳቢ ላይ ከተጫነች የሚጎትታት ላንድክሩዘር ሆነ ሬንጀር ለውጥ የለውም፤ ከተፈቀደው በላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከተረፋችሁ ለተሻለ ሞተር ከማውጣት በፊት ለተሳቢው ፍሬን አውጡት። በብዛት የሚገጠመው ዓይነት ቀላል ነው፦ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፣ ግፊቱ የተሳቢውን ፍሬን ይይዛል። ሽቦም ኮምፒውተርም አይፈልግም።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ተጉዞ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጡ መውረድ የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል። የጋለ ሸራ መያዝ ይተዋል፤ ፍሬኑ እምቢ ይላል። ከኋላ ክብደት ሲኖር ደግሞ ይህ ቶሎ ይደርሳል። የሚያድነው ዝቅ ያለ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ማርሹ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ከተጀመረ በኋላ ሳይሆን። በማኑዋል ካምቢዮ ይህ ቀላል ነው። አውቶማቲክ ከሆነ በእጅ ማርሽ መያዝ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ።

እንግዲህ አሁን ስለ ጉልበት። ሰው ሞተር ሲያወዳድር የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል። ለመጎተት ግን የሚጠየቀው ቶርክ ነው፤ ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል፣ በኒውተን ሜትር የሚለካው። የፈረስ ጉልበት ሜዳ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ከሆነ፣ ቶርክ ዳገት ላይ እህል ይዛ የምትወጣ በቅሎ ነው። ናፍታ ሞተር እዚህ ላይ ይበልጣል። ቶርኩን የሚሰጠው ዝቅ ባለ ዙር ነው፤ ሳይጮህ ይጎትታል። ለምሳሌ ከ2020 ወዲህ የመጣው ባለ 2.8 ሊትር ሃይሉክስ በአውቶማቲክ ካምቢዮ 500 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ያንንም በደቂቃ ከ1,600 ዙር ጀምሮ። የድሮው ባለ 2.5 ሊትር ተርቦ ሃይሉክስ፣ 102 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 260 ኒውተን ሜትር ነበረው። አገራችን ውስጥ የሞላው ባለ 4.2 ሊትር ላንድክሩዘር፣ ስድስት ሲሊንደሩ፣ ተርቦ የሌለው፣ 285 አካባቢ ነው።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ አያምኑም። ላንድክሩዘር ከአዲሱ ሃይሉክስ ያንሳል? በጉልበት፣ አዎ። በእኛ ከፍታ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ አምስተኛው የለም ማለት ይቻላል። ተርቦ አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሳል። ጣና 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከጎርጎራ የደምቢያን ሜዳ እንደ ልብ አቋርጣችሁ ስትመጡ ምንም አይሰማችሁም። ወደ አዘዞ፣ ከአዘዞም ወደ ፒያሳ ስትወጡ ግን ሞተሩ እውነቱን ይናገራል።

ያም ሆኖ ላንድክሩዘሩን አልንቅም። ሻንሲው ጠንካራ ነው። የናፍታ ፖምፓው ኮምፒውተር የለውም። ከመተማ እስከ ደባርቅ የትም ብትቆሙ የሚፈታው ሜካኒክ ይገኛል። አዲሶቹ ናፍታ ሞተሮች ንጹሕ ነዳጅ ይፈልጋሉ፤ ውሃ የገባበት ናፍታ ኢንጀክተራቸውን ይጨርሳል። ከጀሪካን እየቀዱ መንዳት ለሚገደድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲሱን ከገዛችሁ የናፍታ ማጣሪያውን በጊዜው ቀይሩ፤ በውስጡ የሚጠራቀመውን ውሃም አፍስሱ።

ውሃ ዳር ሲደረስ ሌላ ፈተና ይጀምራል። የጣና ውሃ ከክረምቱ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ከፍ ይላል፤ ክረምት ሳይገባ ደግሞ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ዘንድሮ ጥር ላይ ጀልባ ያወረዳችሁበት ቦታ ግንቦት ላይ ጭቃ ሊሆን ይችላል። የደምቢያ ዋልካ ሲርስ ደግሞ ጎማ ይውጣል። በሁለት ጎማ ብቻ የሚገፋ ፒክአፕ ባዶ ኋላው ቀላል ስለሆነ እዚያው ይሽከረከራል። ለጀልባ ፎር ዊል የምመክረው ለዚህ ነው፤ ለመንገዱ አይደለም። ከባዱን ዝግተኛ ማርሽ፣ ፎር ዊሉን በሚያስገባው ማርሽ (ትራንስፈር) ላይ ያለውን፣ አስገብቶ ቀስ ብሎ ማውጣት ፍሪሲዮንን ከመቃጠል ያድነዋል። ፍሪሲዮን ጋሎ የሚሸተው ዳገት ላይ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ዳር ወደ ኋላ እያሉ ግማሽ ረግጦ መቆም ይገድለዋል።

ሌላም አለ። ከጎንደር ሄዳችሁ እንደደረሳችሁ ተሳቢውን ውሃ ውስጥ አትንከሩት። የጎማው ኩሽኔታ ሞቋል። በድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ግራሱ ይበላሻል። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ስትወጡም ተሳቢውንና የጀልባዋን ሆድ እዩ። እንቦጭ ቁራጩ እንኳ ይበቅላል። ጣና ያየውን ሁላችንም አይተናል። ጎማ ላይ የተጠመጠመ ሥር ይዞ ወደ ሌላ ግድብ ወይም ኩሬ መሄድ ሌላውን ውሃ መበከል ነው። እዚያው ነቅሎ፣ ከውሃው ርቆ ማድረቅ ነው።

በመጨረሻ ምን ልግዛ ለሚለኝ ሰው፦ ጀልባህ ከነተሳቢው ሁለት ቶን ካልሞላች፣ ከ340 ኒውተን ሜትር በላይ ያለው ማንኛውም ተርቦ ያለው ፎር ዊል ሃይሉክስ ወይም ዲማክስ ይበቃሃል። ትልቁን አትሻ። ያገለገለ ከሆነ ቀለሙን ትተህ ከሥሩ ግባ። መንጠቆው ሻንሲው ላይ በቦሎን ታስሯል ወይስ መከላከያው ላይ ተበይዷል? መከላከያ ላይ የተበየደ መንጠቆ ለማንም ክብደት አልተሠራም። ባሌስትራው የተሰነጠቀ ቅጠል አለው? ራዲያተሩ ውስጥ ዝገት ወይም ዘይት ይታያል? ከዚያ ሻጩን ይዘህ፣ ኋላው ላይ ጥቂት ኩንታል ጭነህ፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ንዳው። በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣበትን ፍጥነትና የሙቀት መለኪያውን መርፌ እይ። መርፌው ከመሃል ካለፈ ሌላ መኪና ፈልግ።