ከቬኒር በታች፦ የጥንታዊ የቤት ዕቃ የውስጥ እንጨት ጥገና

ቬኒር መልኩ ያማረ እንጨት በስሱ ተሰንጥቆ በሌላ እንጨት ላይ በኮላ የሚለጠፍ ልባስ ነው። ሙያው እጅግ ጥንታዊ ነው፤ በግብፅ ቴብስ በሚገኘው የጥንቱ ባለሥልጣን የሬክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን የተሣሉ አናጺዎች ኮላቸውን እሳት ላይ ጥደው ሲሠሩ ይታያሉ።

ዛሬ በአውሮፓ ጥገና ቤቶች የሚታየው ዕቃ ግን በአብዛኛው ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ያለ ነው። በእንግሊዝ ከ1660 እ.ኤ.አ. በኋላ ዋልነት ከተባለው ዛፍ የሚሠራ ቬኒር ተወዳጅ ሆነ። በፈረንሳይ በ1672 በሉቭር ቤተ መንግሥት ማደሪያና መሥሪያ የተሰጠው የቤት ዕቃ ሠሪ አንድሬ ሻርል ቡል የባሕር ኤሊ ቅርፊትና ናስ እያዋደደ ወደር የሌለው ሥራ ሠራ። ከልባሱ ሥር ያለው አካል ኦክ ወይም ፓይን የተባለ እንጨት ነበር። በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀው ቬኒር ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይወፍር ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ማሽን ሲመጣ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ወረደ። ልባሱ በሳሳ ቁጥር የውስጡ ጉድለት ፈጥኖ ወደ ላይ ይወጣል።

የጉዳቱ ምንጭ በአብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው፣ እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ስለሚጠብ ጣውላው ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ነቀዝ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀዳዳና ከሥሩ የረገፈ አዲስ ዱቄት ከታየ ትሉ ገና በሕይወት ስላለ መጀመሪያ እሱ መጥፋት አለበት።

ልባሱ ከተነሳ በኋላ ጥገናው አሮጌውን ኮላ በሞቀ ውኃ ከማጽዳት ይጀምራል። የበሰበሰው በመሮ ተፈልፍሎ በዓይነቱም በአወራረዱም (በጭረቱ አቅጣጫ) የሚመሳሰል እንጨት ይገባበታል፤ ስንጥቁም ስስ ሽብልቅ ይሞላበታል። የምስማር ቀዳዳ በክብ ዘንግ ከተደፈነ የዘንጉ ጫፍ ከዙሪያው እኩል አይጠብምና፣ ከጊዜ በኋላ በቬኒሩ ላይ ክብ ምልክት ይወጣል፤ ስለዚህ ውታፉ አወራረዱ ከጣውላው ጋር እንዲተኛ ሆኖ ይቆረጣል። ኮላው ያረጠበው እንጨት ያብጣል። ያበጠውን በማግስቱ የላገ ሰው ሲደርቅ ጉድጓድ ያገኛል፤ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ግድ ነው።

የሚያከራክረው ኢፖክሲ የተባለው፣ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው። አንዳንዶች በጣም ለተበላ እንጨት አማራጭ የለውም ይላሉ። ሆኖም ከቆዳ የሚቀቀለው ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ ለነገው ጠጋኝ በር ክፍት ይተዋል፤ በዚህ ረገድ የሚተካከለው የለም። ኢፖክሲ የሚጠቀሙ ጥንቁቅ ባለሙያዎችም መጀመሪያ እንጨቱን በቆዳ ኮላ ይቀባሉ፣ ሙሌቱ በኋላ እንዲነሳ። የላላውን እንጨት ለማጠንከር ደግሞ አሴቶን በተባለ ፈሳሽ የሟሟ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለ ሰው ሠራሽ ሙጫ በሙዚየሞች የተለመደ ነው።

በመጨረሻ ገጹ ጥርስ ባለው መላጊያ ይቧጠጣል፣ በቀጭን ኮላ ይቀባል፤ ሲደርቅ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በየአቅጣጫው ይጋደምበትና ከሥሩ ብርሃን ካላሳለፈ አዲሱ ቬኒር ይለጠፋል።