አለት ተራ አይጠብቅም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አለት ሲነሳ ሦስት ስሞች አይቀሩም። እሳት ወለድ፣ ዝቅጥ እና ልውጥ። የመጀመሪያው ቀልጦ የነበረ ነገር ቀዝቅዞ ሲጠጥር የሚገኝ ነው። ሁለተኛው አሸዋ፣ ጭቃ ወይም የባሕር እንስሳት ቅሪት ተደራርቦና ተጣብቆ ሲጠነክር ይፈጠራል። ሦስተኛው ሙቀትና ግፊት የቀየረው ነው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ ከስሞቹ ጋር አብረው የምንሸመድዳቸው ሐሳቦች ናቸው።

«የአለት ዑደት በተራ ይዞራል»

እሳት ወለዱ ዝቅጥ ይሆናል፣ ዝቅጡ ልውጥ፣ ልውጡ ቀልጦ እንደገና እሳት ወለድ። ይህን ያመጣብን በክብ የተሳለው የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይመስለኛል። እውነታው ሌላ ነው። ግራናይት ሳይሸረሸር በቀጥታ ልውጥ ሊሆን ይችላል። የአሸዋ ድንጋይ ተሸርሽሮ ተመልሶ የአሸዋ ድንጋይ ይሆናል። ልውጡም ቢሆን ሳይቀልጥ ደጋግሞ ይለወጣል።

ፍጥነቱም አንድ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ካናዳ የሚገኘው የአካስታ ናይስ የተባለው ልውጥ አለት 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አስቆጥሯል። የውቅያኖስ ወለል ግን አብዛኛው ከ200 ሚሊዮን ዓመት በታች ነው። አሮጌው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ አዲሱ በውቅያኖስ መሃል ስንጥቆች እየወጣ ይተካዋል።

«ልውጥ አለት ቀልጦ የጠጠረ ነው»

ከቀለጠማ እሳት ወለድ ሆነ ማለት ነው! ለውጡ የሚካሄደው አለቱ ጠጣር እንደሆነ ነው። እብነ በረድን እንውሰድ። መነሻው የኖራ ድንጋይ ነው። በውስጡ ያለው ካልሳይት የተባለ ማዕድን ሳይቀልጥ ክሪስታሎቹ እየተለቁ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የነበሩ ዛጎሎችም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይጠፋሉ።

«ከእግራችን በታች የማግማ ባሕር አለ»

ማግማ ከመሬት በታች ያለ የቀለጠ አለት ነው። ይሄኛው ሐሳብ በቀላሉ አይለቅም። ከምድር ቅርፊት ሥር እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚወርደው ማንትል ከሞላ ጎደል ጠጣር ነው። ይህን የምናውቀው ከመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች ነው። ከሞገዶቹ አንዱ ዓይነት በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ማንትልን ግን አቋርጦ ይሄዳል፤ የሚቆመው ከማንትል ሥር ያለው፣ ፈሳሽ የሆነው የምድር ውጫዊ እምብርት ጋ ሲደርስ ነው።

ታዲያ ማግማው ከየት ይመጣል? ተጨማሪ ሙቀት የግድ አያስፈልግም። ትኩስ አለት ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ ያኔ በያዘው ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል። ሌላው መንገድ ውሃ ነው። የሚሰምጠው የውቅያኖስ ወለል ይዞት የወረደው ውሃ ከላዩ ወዳለው ማንትል ይገባና የሚቀልጥበትን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል።

«እሳት ወለድ ሁሉ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው»

ባዛልት አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ ግራናይት ግን አይደለም። ግራናይት ከመሬት በታች ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ በዓይን ይታያሉ። ዛሬ ደጅ የምናገኘው ከላዩ የነበረው ተሸርሽሮ ስላለቀ ነው።

«የድንጋይ ከሰል ሲጫን አልማዝ ይሆናል»

ሁለቱም ካርቦን ስለሆኑ ያሳምናል። ዕድሜያቸውን ስናይ ግን ነገሩ ይፈርሳል። የድንጋይ ከሰል በዋናነት ከየብስ ዕፅዋት የተገኘ ነው። አብዛኞቹ አልማዞች ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ስለሆናቸው፣ ሲፈጠሩ የብስ ላይ ዛፍ አልነበረም። የተፈጠሩትም ከሰል ከሚገኝበት እጅግ ርቆ፣ ብዙውን ጊዜ ከ150 ኪሎ ሜትር በታች ማንትል ውስጥ ነው። ወደ ላይ ያወጣቸው በዋናነት ኪምበርላይት የተባለው እሳት ወለድ አለት ነው፤ ማግማው በፍጥነት ሲፈነዳ ጠራርጎ ይዟቸው መጣ።