የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ፦ የሚባለውና እውነታው

ሕግ ጨርሰው ወደ ጥብቅና ለመግባት የሚያስቡ ወጣቶች የትኛው ዘርፍ እንደሚያዋጣ ይጠይቁኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ስላቸው ፊታቸው ቀዝቀዝ ይላል። ለምን ስል የሚመልሱልኝ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ስለዚህ መልሶቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ቀላል ሕግ ነው፣ አዋጁን አንብቦ መግባት ነው»

በጣም የሚጎዳው አመለካከት ይሄ ነው። እርግጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለማንበብ አይከብድም። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን፣ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ በሕዝብ በዓል ቀን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሁለት ተኩል እጥፍ። ይህን ማንም ያነበበ ይረዳዋል። ፈተናው የሚመጣው «ለመሆኑ ይህ አዋጅ ደንበኛዬን ይመለከተዋል ወይ?» ሲባል ነው።

«የክፍል ኃላፊ» የሚል የሹመት ደብዳቤ የያዘ ሰው ተሰናብቶ መጣ እንበል። አሠሪው «የሥራ መሪ ስለነበር አዋጁ አይመለከተውም» ብሎ ይከራከራል። ይህ ክርክር ካሸነፈ ጉዳዩ ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሄዳል፤ ሰውዬው በአዋጁ የሚያገኘውን ጥበቃ ያጣል። ታዲያ ወሳኙ ማዕረጉ አይደለም። ሰው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ነበረው? ወይስ የፈቃድ ቅጽ እየፈረመ ለበላይ የሚያስተላልፍ ብቻ ነበር? ይህን ለማወቅ የሥራ መዘርዝሩን ማየት፣ የፈረማቸውን ደብዳቤዎች መልቀም ያስፈልጋል። የሰበርን ውሳኔዎችም ማገላበጥ ግድ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳልና።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችም በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደሩት። የቤት ሠራተኞችን ደግሞ አዋጁ ራሱ ከወሰኑ አውጥቶ ለደንብ ትቷቸዋል። ለአንዲት የቤት ሠራተኛ «በዚህ አዋጅ ልከስልሽ አልችልም» ብሎ እንደመናገር የሚከብድ ነገር በዚህ ሙያ ብዙም የለም።

ከዚያ ቀን ቆጠራ አለ። ደንበኛ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ይመጣል፦ የቅጥር ደብዳቤ፣ ማስጠንቀቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የልምምጥ ማመልከቻ። እኔ መጀመሪያ የማነሳው የስንብት ደብዳቤውን ነው፤ መጀመሪያ የማየውም ምክንያቱን ሳይሆን ቀኑን ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ስላለፈ፣ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ ስድስት ወር ነው ያለው። እኛ አገር ሰው ወዲያው አይከስም። «ሰውዬው ይበርድለታል» ይላል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ በዓል እስኪያልፍ ይታገሳል። ሽምግልናው ጥሩ ነው። ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ይርጋው ቆሞ አይጠብቅም። አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ካመነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሐቁ ከሱ ጋር ሆኖ በአንድ ሳምንት መዘግየት እንጀራውን ያጣ ሰው ማየት በጣም ያንገበግባል።

«ሥራው የተባረረ ሰው ይዞ መክሰስ ነው»

ግማሹ እንኳን አይደለም። አሠሪም ጠበቃ ያስፈልገዋል፤ ጥሩ አሠሪ ደግሞ ከክስ በፊት ነው የሚደውለው። የሰው ሀብት ኃላፊው «ነገ እናሰናብተዋለን፣ ደብዳቤ አዘጋጅልን» ይላል። ያኔ ጥያቄ ይከተላል። ጥፋቱ የታወቀው መቼ ነው? ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው ምክንያቱ ከታወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ለጥፋቱ ቀደም ሲል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል? ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡር ናት? ከወለደች አራት ወር አልፏታል? ብዙ ጊዜ ከዚህ ስልክ በኋላ ስንብቱ ይቀራል። ለሠራተኛውም ለድርጅቱም ከዚህ የተሻለ ውጤት የለም፤ ግን ማንም አያየውም፣ መዝገብ ቁጥርም የለውም።

የሥራ ደንብ ማርቀቅ፣ ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የኅብረት ስምምነት መደራደር፣ ቅነሳ ሲመጣ ሥርዓቱን ጠብቆ እንዲሄድ ማድረግም የዚሁ ሙያ ነው። አንዳንዱ ድርድር ወራት ይፈጃል። እኔ እንደማየው ሙያው ከሁሉ በላይ የሚጣፍጠው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ብር የለውም»

እስቲ እናስላው። ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ፣ አራት ዓመት የሠራ ሰው ከሕግ ውጭ ተሰናበተ፤ ወደ ሥራ ግን አልተመለሰም። ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ ነው፦ 72,000። የማስጠንቀቂያ ጊዜ የሁለት ወር ክፍያ 24,000። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፤ እሱም 24,000። ድምሩ 120,000 ብር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ጠበቃ ምን ያህል ይወስዳል? ያውም ደመወዙ ከተቋረጠበት ሰው። ስለዚህ ከሠራተኛ ክስ ብቻ ሀብታም እሆናለሁ የሚል ሌላ ዘርፍ ይፈልግ። ቢሮውን የሚያቆመው በአብዛኛው የድርጅቶች ቋሚ የማማከር ውል ነው። ሁለቱን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ የጥቅም ግጭት እንዳይኖር ግን ከመጀመሪያው ቀን መጠንቀቅ ነው።

«ፍርድ ቤት ሁሌም ለሠራተኛ ያደላል»

ሕጉ ለሠራተኛው ያደረገለት ነገር አለ። የዳኝነት አይከፍልም። የጽሑፍ ውል የለህም ተብሎም መብቱን አያጣም። ስንብቱ በቂ ምክንያት እንደነበረው ማስረዳት ደግሞ የአሠሪው ሸክም ነው። ያም ሆኖ ስድስት ወር ሙሉ ማታ ማታ የሠራ ሰው የትርፍ ሰዓቱን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ወይም አንድ ምስክር ከሌለው እጁ ባዶ ነው። ምስክር የሚሆነው የሥራ ባልደረባው ደግሞ አሁንም እዚያው ተቀጥሮ እየሠራ ነው። መፍራቱን ልፈርድበት አልችልም።

«በ60 ቀን ያልቃል»

አዋጁ የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ ይወስን ይላል። ቀጠሮ ግን ይደራረባል፣ ይግባኝ አለ፣ ሰበር አለ። ለደንበኛ ይህን በመጀመሪያው ቀን መንገር ግዴታ ነው።

«ዲግሪው ካለ በቃ»

አይበቃም። የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ብዙዎች በድርጅት ነገረ ፈጅነት ይጀምራሉ፤ ለዚህ ዘርፍ ጥሩ መግቢያ ነው፣ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ወረቀት እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ገና ተማሪ የሆናችሁ ደግሞ እስከዚያ የሥራ ክርክር ችሎት ሄዳችሁ ተቀመጡ። ችሎቱ ክፍት ነው። አንድ የሰው ሀብት ኃላፊ በመስቀለኛ ጥያቄ «ማስጠንቀቂያው የተሰጠው መቼ ነው?» ሲባል የሚመልሰውን አዳምጡ።